በአንድ ሌሊት ብዙ የጥልቅ ሰማይ አካላትን ከመሃል አዲስ አበባ ማየት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መልሶቹ የተዘጋጁት ፒያሳ፣ አራት ኪሎ፣ ካዛንቺስ ወይም ሜክሲኮ አካባቢ ሆነው ከሰገነት ወይም ከግቢ ለሚያዩ ሰዎች ነው። ቴሌስኮፑ ከ130 እስከ 250 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው መስታወት እንዳለው ታስቧል። ጥልቅ ሰማይ የምንለው ከፀሐይ ቤተሰብ ውጭ ያሉትን የኮከብ ክምችቶች፣ ኔቡላዎች (የጋዝና የአቧራ ደመናዎች) እና ጋላክሲዎች ነው።

በአንድ ሌሊት ስንት አካላት ማየት ይቻላል?

በእጅ እየፈለጉ ከሆነ 30 ገደማ። ከምሽቱ 1፡30 እስከ ሌሊቱ 7፡30 ድረስ 360 ደቂቃ አለ። ለእረፍት፣ ለሻይ፣ ለአላፊ ደመናና ለጠፋ ሌንስ ክዳን ፍለጋ 90 ደቂቃ ይቀንሱ። ከቀረው 270 ደቂቃ ለአንድ አካል 9 ደቂቃ ቢመድቡ (5 ለመፈለግ፣ 4 ለማየትና ለመጻፍ) 30 ይደርሳል። ራሱ የሚፈልግ ሞተር ያለው ቴሌስኮፕ ከሆነ 40 ይሞላል። ከ40 በላይ ማቀድ ቆጠራ ይሆናል። ደብዛዛ ነገር ዓይን ላይ የሚገለጠው ቢያንስ ሁለት ሦስት ደቂቃ ሲታይ ነው፤ በ30 ሰከንድ ያለፉት ጋላክሲ ያላዩት ጋላክሲ ነው።

110ሩን የሜሲዬ አካላት በአንድ ሌሊት መጨረስ እችላለሁ?

ከዚህ አይቻልም፤ ምክንያቱ የከተማው ብርሃን ብቻ አይደለም። የፈረንሳዊው ሻርል ሜሲዬ ዝርዝር በአንድ ሌሊት የሚሞከረው በመጋቢት ሁለተኛ አጋማሽ ነው፤ ለዚህም የሚመቹት በሰሜን 25 ዲግሪ አካባቢ ያሉ አገሮች ናቸው። አዲስ አበባ በሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። በዚያ ወቅት የአንድሮሜዳ ጋላክሲ፣ ማለትም ኤም 31 (በሜሲዬ ዝርዝር 31ኛው)፣ ከጎረቤቶቹ ከኤም 32 እና ከኤም 110 ጋር ፀሐይ ከጠለቀች አንድ ሰዓት ሳይሞላ ይጠልቃል፤ ሰማዩ በደንብ ለመጨለም ደግሞ 70 ደቂቃ ገደማ ይፈልጋል። ጠዋትም የሚወጣው ከፀሐይ ጋር ነው። ስለዚህ ሦስቱ ከመነሻው ጠፍተዋል።

በአንድ ዓመት ከሆነ ግን 110ሩም ለእኛ ክፍት ናቸው። ከሁሉ በላይ ወደ ሰሜን የሚገኘው ኤም 82 እንኳ እዚህ እስከ 29 ዲግሪ ከፍታ ይወጣል። በደቡብ በኩል ያለው ኤም 7፣ አውሮፓ ውስጥ ከጣሪያ ጋር የሚታገሉበት፣ እዚህ 46 ዲግሪ ይደርሳል።

የትኛው ወር ይሻላል?

ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ። ክረምቱ ዝግ ነው። የበልጉ ወራት የዕድል ጉዳይ ናቸው፤ ምሽቱ ጠርቶ ሌሊቱ ሊዘጋ ይችላል፣ ወይም በተቃራኒው።

የበጋው ችግር ጭስና አቧራ ነው። ነፋስ በሌለበት ቀዝቃዛ ምሽት ከባዱ አየር መሬት ላይ ይተኛና የእንጨቱን፣ የከሰሉንና የመኪናውን ጭስ አፍኖ ይይዛል። ከምሽቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ከአድማስ እስከ 25 ዲግሪ ያለው ሰማይ ቡናማ መጋረጃ ሊመስል ይችላል። ከ4 ሰዓት በኋላ ማድ ቤቱም መንገዱም ሲረግብ ይሻሻላል። ስለዚህ ደብዛዛዎቹን ወደ ሌሊቱ ይግፉ፤ ምሽቱን ለደማቆቹ ይተዉ። የደመራን ምሽት ጨርሶ ይዝለሉት።

ጨረቃ ምን ያህል ታውካለች?

ለጋላክሲና ለኔቡላ በጣም፣ ለልቅ (ኮከቦቹ ለተራራቁበት) የኮከብ ክምችት ትንሽ። ጨረቃ ከማለቋ ሦስት ቀን በፊት እስከ አዲሷ ጨረቃ አራተኛ ቀን ድረስ ያሉት ምሽቶች ተመራጭ ናቸው። ያ ካልተመቸ ሌላ መስኮት አለ፦ ጨረቃ ከሞላች በኋላ በየቀኑ በአማካይ 50 ደቂቃ እየዘገየች ትወጣለች፤ በአራተኛው ቀን ፀሐይ ከጠለቀች ከሦስት ሰዓት በኋላ ስለምትወጣ ሁለት ሰዓት ያህል ጨለማ ያገኛሉ። ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ ሰው በሠርቀ ሌሊት የጨረቃን ዕድሜ መገመት ይችላል። አንድ ሁለት ቀን ሊዛነፍ ስለሚችል ግን ቀጠሮ ከመያዝዎ በፊት ስቴላሪየም በሚባለው የሰማይ ካርታ ፕሮግራም ያረጋግጡ።

ቴሌስኮፑ ሁልጊዜ የተሳሳተ ቦታ ይጠቁማል። ምን አጠፋሁ?

ከአሥሩ ዘጠኙ ጊዜ ሰዓት ወይም ቀን ነው። መቆጣጠሪያው የሚጠብቀው በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው፦ ከምሽቱ 2 ሰዓት 20፡00፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ደግሞ በማግስቱ ቀን 01፡00። ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ቴሌስኮፑን አጥፍተው ካበሩ ቀኑን አንድ ይጨምሩ፤ ብዙ ሰው የሚሳተው እዚህ ላይ ነው። ብዙዎቹ መቆጣጠሪያዎች ወርን አስቀድመው ቀንን ያስከትላሉ፤ 12/10 ማለት ዲሴምበር 10 እንጂ ኦክቶበር 12 አይደለም። የሰዓት ቀጠናው ሲደመር 3፣ የበጋ ሰዓት ለውጥ የሚለው ጥያቄ መልሱ ሁልጊዜ «የለም»፣ ቦታው ሰሜን 9 ዲግሪ ከ2 ደቂቃ፣ ምሥራቅ 38 ዲግሪ ከ45 ደቂቃ። ምሥራቁን «ምዕራብ» ብለው ካስገቡት ከ5 ሰዓት በላይ የዞረ ሰማይ ይሰጥዎታል። የአቅጣጫው ቁልፍ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ምዕራብ ላይ ተቀምጦ ስለሚመጣ ይህ ከሚታሰበው በላይ ይከሰታል።

ዝርዝሩን በምን ቅደም ተከተል ላዘጋጅ?

የሌሊቱ ዕጣ የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው። በቁጥር (ኤም 1፣ ኤም 2 እያሉ) ወይም በሚወዱት መሄድ አያዋጣም፤ የሚያዋጣው በሚጠልቁበት ሰዓት መደርደር ነው።

ከምድር ወገብ አጠገብ ስለሆንን ኮከቦች ሲጠልቁ አይንሸራተቱም፣ ቀጥ ብለው ይወርዳሉ፤ በሰዓት 15 ዲግሪ ገደማ። በምዕራብ 30 ዲግሪ ላይ ያለ አካል ከ40 ደቂቃ በኋላ 20 ዲግሪ ላይ ነው። 30 ዲግሪ ላይ ብርሃኑ የሚያልፍበት አየር አናት ላይ ካለው እጥፍ፣ 20 ዲግሪ ላይ ሦስት እጥፍ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው። በከተማ ጭስ ላይ ያ ሦስት እጥፍ ማለት መጥፋት ነው። ስለዚህ ከ25 ዲግሪ በታች ያለን ነገር ከዝርዝሩ ያውጡ፤ ደማቅ ክምችት ካልሆነ በቀር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ስቴላሪየምን አዲስ አበባ ላይ አድርገው ቀኑን ያስገቡ። ለእያንዳንዱ አካል ሁለት ሰዓት ይጻፉ፦ የሰሜን–ደቡብን መስመር የሚያቋርጥበትን (ከፍተኛው ቦታው ነው) እና በምዕራብ 30 ዲግሪ ላይ የሚደርስበትን። ዝርዝሩን በሁለተኛው ሰዓት ይደርድሩ። ቀጥሎ ጎረቤታሞቹን በአንድ ላይ ያሰባስቡ፤ ከሰማዩ አንድ ጥግ ወደ ሌላው መመላለስ ከሁሉ በላይ ጊዜ የሚበላ ነገር ነው። ከዚያ ከሰገነትዎ የሚጋረዱትን ይሰርዙ። ቀን ላይ በስልክዎ የማዘንበል መለኪያ የየፎቁን ከፍታ በስምንቱም አቅጣጫ ለክተው ቢጽፉ፣ ያ ወረቀት ለዓመታት ያገለግላል። አዲስ ሕንፃ እስኪበቅል ድረስ።

አንድ ዝርዝር ሠርተው ከሁለት ሳምንት በኋላ ቢደግሙት ሁሉም በአንድ ሰዓት ይቀድማል፤ ኮከቦች በየቀኑ 4 ደቂቃ እየቀደሙ ስለሚወጡ በወር 2 ሰዓት ይሆናል። አዲስ መሥራት አያስፈልግም፣ ሰዓቱን መቀነስ ይበቃል።

ለታኅሣሥ መጀመሪያ የሚሆን ዝርዝር ስጡኝ።

የሚከተለው ለታኅሣሥ 1 (ዲሴምበር 10 ወይም 11) አካባቢ፣ ለ200 ሚሊ ሜትር ዶብሶኒያን (በቀላል ማዞሪያ ሳጥን ላይ ለሚቆም የመስታወት ቴሌስኮፕ) የታሰበ ነው። ፀሐይ ከምሽቱ 12፡10 ገደማ ትጠልቃለች፣ ሙሉ ጨለማ 1፡25 አካባቢ ይሆናል።

ከምሽቱ 1፡30፣ ምዕራብ። በኤም 27 ይጀምሩ፤ 27 ዲግሪ ላይ ስለሚገኝ አይጠብቅዎትም። በዩኤችሲ ፊልተር (ከታች የተብራራ የኔቡላ ማጣሪያ መስታወት ነው) የተበላ ፖም መስሎ ይታያል። ቀጥሎ ኤንጂሲ 7009 (ኤንጂሲ ከሜሲዬ የሰፋ ሌላ ዝርዝር ነው)፣ ፕላኔታዊ ኔቡላ፣ ማለትም በመሞት ላይ ያለ ኮከብ የተፋው ጋዝ፦ ትንሽ፣ አረንጓዴ መሳይ፣ ከ120 እጥፍ በላይ ማጉላት የሚፈልግ። ከዚያ ሦስቱ ድብልብል ክምችቶች ኤም 30፣ ኤም 2 እና ኤም 15። ኤም 15ን በ150 እጥፍ ሲያዩት ጠርዙ ወደ ነጠላ ኮከቦች መፈርፈር ይጀምራል።

ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ አናትና ሰሜን። ኤም 31 በ58 ዲግሪ ከፍታ ላይ ነው። ፎቶ ላይ ያለውን ጠመዝማዛ አይጠብቁ፤ ከመሃል ከተማ የሚታየው ሞላላ ጭጋግ ነው፣ ኤም 32 ደግሞ አጠገቡ ትኩረቱ የተበላሸ ኮከብ ይመስላል። ኤም 110ን ካዩት ሰማዩ ጥሩ ነው ማለት ነው። ኤንጂሲ 7662 በዚያው ሰፈር አለ፤ ክብ፣ ሰማያዊ መሳይ። ኤንጂሲ 253 በደቡብ 56 ዲግሪ ላይ ቢሆንም ብርሃኑ የተበተነ ስለሆነ ለከተማ ፈተና ነው፤ በአምስት ደቂቃ ካልመጣ ይለፉት።

ከ3 ሰዓት ጀምሮ ካሲዮፒያና ፐርሲየስ የተባሉት ኅብረ ኮከቦች። ከፒያሳና ከአራት ኪሎ ሲታይ የከተማው ብርሃን የሚበዛው በደቡብ በኩል ነው፤ በእንጦጦ በኩል ሰማዩ ይሻላል። ስለዚህ በሰሜን ያሉት ክምችቶች 40 ዲግሪ ላይ ብቻ ቢሆኑም አያሳፍሩም፦ ኤንጂሲ 7789፣ ኤንጂሲ 457፣ ኤም 103፣ ከዚያ መንታው ክምችት ኤንጂሲ 869 እና 884። መንታውን በአንድ እይታ ለመያዝ ቢያንስ 1 ዲግሪ የሚያሳይ አይፒስ (ዓይን የሚጠጋባት ትንሿ ሌንስ) ያስፈልጋል። ኤም 34ን ጨምረው ወደ ኤም 77 ይሂዱ፤ ልቡ ደማቅ ስለሆነ ከከተማ ከሚታዩ ጥቂት ጋላክሲዎች አንዱ ነው፣ ከዴልታ ሴቲ ኮከብ 1 ዲግሪ ያህል ይርቃል።

ከ5 ሰዓት በኋላ ሰውር። ሰባቱን ከዋክብት (ኤም 45) በመፈለጊያው ቴሌስኮፕ ይዩዋቸው፤ በዋናው ተበታትነው ውበታቸው ይጠፋል። ኤንጂሲ 1535ን፣ ከዚያ ኦሪጋ የተባለውን ኅብረ ኮከብ ሦስት ክምችቶች ኤም 38፣ ኤም 36 እና ኤም 37 በተከታታይ። ከሦስቱ ኤም 37ን ለመጨረሻ ያስቀምጡ፤ ከእሱ በኋላ ሌሎቹ ደረቅ ይሆናሉ። ኤም 1 ለ130 ሚሊ ሜትር ያስቸግራል፣ ለ200 ጭጋጋማ ጠብታ ነው።

ከሌሊቱ 6 ሰዓት፣ ኦሪዮን። ኤም 42 ከምሽቱ 2 ሰዓት ጀምሮ በምሥራቅ ብቅ ብሎ ይፈታተናል፤ ያኔ 18 ዲግሪ ላይ ጭስ ውስጥ ነው። ትዕግሥት ያድርጉ፣ 6 ሰዓት ላይ ከ70 ዲግሪ በላይ ይሆናል። ኤም 43ን፣ ኤም 79ን፣ ከዚያ የገውዙን ኤም 35 ይዩ። ኤንጂሲ 2392 ፕላኔታዊ ኔቡላ ነው። ከሲሪየስ 4 ዲግሪ ወደ ደቡብ ኤም 41፣ ከዚያ ኤንጂሲ 2362፣ ኤም 50፣ ኤም 47ና ኤም 46። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ጎረቤታሞች ናቸው፤ ኤም 47 ጥቂት ደማቅ ኮከቦች፣ ኤም 46 እንደ ጤፍ የተበተኑ ብዙ ደቃቆች።

ሚያዝያ ላይ ሰማዩ ከከፈተልዎ ዝርዝሩ ሌላ ነው። በወሩ መጀመሪያ ኦሜጋ ሴንታዉሪ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ በደቡብ 33 ዲግሪ ላይ ይቆማል። የሰሜን አገር ሰዎች የሚቀኑበት ክምችት ነውና ለእሱ ሲባል ብቻ መንቃት ያዋጣል።

ስንት አይፒስ፣ በስንት እጥፍ?

አይፒስ ሦስት ብትሆን ትበቃለች። የትኩረት ርዝመቱ 1200 ሚሊ ሜትር የሆነ ቴሌስኮፕ በ25 ሚሊ ሜትር አይፒስ 48 እጥፍ፣ በ10 ሚሊ ሜትር 120 እጥፍ፣ በ7 ሚሊ ሜትር 171 እጥፍ ያጎላል። ጀማሪዎች የሚሳሳቱት ደብዛዛ ነገር በዝቅተኛ ማጉላት ይሻላል ብለው ስለሚያስቡ ነው። በጨለማ ገጠር እውነት ነው። በከተማ ግን ዝቅተኛ ማጉላት የሰማዩንም ብርሃን አብሮ ስለሚያደምቅ ጀርባው ግራጫ ይሆናል። ከ80 እስከ 120 እጥፍ ሲወጡ ጀርባው ይጠቁርና ጋላክሲው ይለያል። 25ቱን ለመፈለግና ለሰፋፊ ክምችቶች፣ 10ሩን ለማየት ይጠቀሙበት። በየአካሉ አይፒስ መቀያየር በሌሊት 40 ደቂቃ ይበላል፤ ተመሳሳይ ማጉላት የሚፈልጉትን ያስከታትሉ።

የብርሃን ብክለት ፊልተር ልግዛ?

የትኛውን እንደሆነ ይጠንቀቁ። በሰፊው የሚሸጠው «የከተማ ብርሃን ፊልተር» የተሠራው የቀድሞዎቹን ቢጫ የሶዲየም መብራቶች ለመከልከል ነበር። አሁን መንገዶቹም የኮሪደር ልማቱም በነጭ ኤልኢዲ ስለሚበሩ ብርሃኑ በሁሉም ቀለም ተበትኖ ይመጣል፤ ያ ፊልተር የሚከለክለው ትንሽ ነው። ጠባብ መስመር የሚያሳልፈው ዩኤችሲ ወይም የኦክስጅን-3 ፊልተር ግን አሁንም ይሠራል፣ ለጋዝ ኔቡላዎች ብቻ፦ ኤም 27፣ ኤም 42፣ ፕላኔታዊዎቹ። ጋላክሲና የኮከብ ክምችት ላይ ማንኛውም ፊልተር ያጨልማል እንጂ አይጠቅምም። ለሁለቱ የሚበቃ ገንዘብ ከሌለ ዩኤችሲው ይቅደም።

ፊልተሩ ሌላም ጥቅም አለው። ትንሽ ፕላኔታዊ ኔቡላ ከኮከብ መለየት ሲያቅትዎ በጣትዎ ይዘው ከዓይንና ከአይፒስ መሃል ወዲያ ወዲህ ያድርጉት። ኮከቦቹ ሲደበዝዙ ሳይደበዝዝ የቀረው እሱ ነው።

ኢኳቶሪያል ማቆሚያ (ዘንጉ ወደ ሰሜን ኮከብ የሚነጣጠር) አለኝ፤ ለምን እንዲህ ያስቸግራል?

የተሠራው ለአውሮፓና ለአሜሪካ ኬክሮስ ስለሆነ ነው። እዚህ ዘንጉ ወደ 9 ዲግሪ መውረድ አለበት፤ ብዙዎቹ ከ15 ወይም ከ20 ዲግሪ በታች አይወርዱም፣ የወረዱትም ክብደት ማመጣጠኛው የትሪፖዱን የፊት እግር ይመታል። ትሪፖዱን አዙረው አንዱ እግር ወደ ደቡብ፣ ሁለቱ ወደ ሰሜን ቢሆኑ ክብደቱ በመሃላቸው ያልፋል። ሙሉ ክብደት ከማንጠልጠልዎ በፊት ግን እንዳይገለበጥ በእጅ ይሞክሩት።

የሰሜን ኮከብ ከአድማስ 9 ዲግሪ ብቻ ስለሆነ ከእንጦጦ ጫፍ ብዙም አይርቅም፤ መሃል ከተማ ደግሞ አንድ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ይሸፍነዋል። የስልክ ኮምፓስ በሰገነት ላይ አይታመንም፣ የኮንክሪቱ ብረት ያሳስተዋል። የሚሻለው የቀን ጥላ ነው፦ ቀጥ ያለ ዘንግ አቁመው ፀሐይ መስመሩን ስታቋርጥ (በታኅሣሥ መጀመሪያ ከቀኑ 6፡18 ገደማ፣ በጥር መጨረሻ 6፡39 ገደማ) ጥላውን በጠመኔ ያስምሩ። ያ መስመር ትክክለኛው ሰሜን ነው። ለዓይን ምልከታ አንድ ሁለት ዲግሪ ስህተት ምንም አይደለም። ገና ለሚገዛ ሰው ግን ምክራችን ዶብሶኒያን ነው።

ዶብሶኒያኑም አናት ላይ ሲደርስ አልታዘዝ አለኝ።

ልክ ነው፤ ቀጥ ብሎ ሲቆም ወደ ጎን ማዞር ትርጉም ያጣል። እዚህ ችግሩ የሚበረታው ብዙ ዕቃ በአናት ስለሚያልፍ ነው፦ ኤም 77 በ81 ዲግሪ፣ ኤም 42 በ76፣ ኤም 45 እና ኤም 35 በ75፣ ኤም 15 እና ኤም 67 በ87። መስመሩን ከማቋረጣቸው አንድ ሰዓት በፊት ወይም በኋላ ይዩዋቸው። ኪሳራው ጥቂት ዲግሪ ነው፣ ትርፉ ያልተቆጣ አንገት።

መፈለጊያውን ብጠቀምም አላገኝም።

ቀይ ነጥብ ብቻ የሚያሳየው መፈለጊያ ባዶ ዓይን የሚያየው ኮከብ ይፈልጋል፤ ከመሃል አዲስ አበባ ደግሞ መነሻ የሚሆነው ኮከብ ራሱ ይጠፋል። ሰማይዎን በሰባቱ ከዋክብት ይለኩ፦ በባዶ ዓይን ስድስቱን ከቆጠሩ እስከ 4.3 ድምቀት ድረስ (ቁጥሩ ባደገ ቁጥር ኮከቡ ይደበዝዛል) ይታይዎታል፣ ለከተማ ጥሩ ነው። ሦስት አራት ብቻ ካዩ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ያለው ትንሽ መፈለጊያ ቴሌስኮፕ ይጨምሩ። በቀን ብርሃን ሩቅ አንቴና ላይ አነጣጥረው ከዋናው ጋር ያስተካክሉት፤ በጨለማ ማስተካከል 20 ደቂቃ ያባክናል። ቦታው ላይ ደርሰው ምንም ካልታየ ቱቦውን በጣትዎ ቀስ ብለው ይምቱት፤ የተንቀሳቀሰ ደብዛዛ ነገር ከቆመው ይልቅ ለዓይን ይገለጣል። ከዚያም በቀጥታ ሳይሆን ዓይንዎን ፈንጠር አድርገው ይዩ።

ሰገነት ላይ ምስሉ ይርገበገባል፤ ቴሌስኮፑ ተበላሽቶ ነው?

ሙቀት ነው። ቀን ፀሐይ የጠጣ ኮንክሪት እስከ እኩለ ሌሊት ሙቀት ይተፋል። ከምሽቱ 11 ሰዓት ላይ በውኃ ቢረጩትና ቴሌስኮፑን ሰሌን ወይም ጣውላ ላይ ቢያቆሙት ይረዳል። ከአየር ማቀዝቀዣ ማሽን፣ ከጄኔሬተር ጭስ ማውጫና ከምግብ ቤት ማድ ቤት በላይ አያቁሙ። መስታወቱም ራሱ ከቤት ይዞ የወጣው ሙቀት አለ፤ 200 ሚሊ ሜትሩ ከ45 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ውጭ መቆየት አለበት። ፀሐይ ስትጠልቅ ያውጡት። የውኃው ሮቶ ነፋስና የጎረቤት ፓውዛ ለመከለል ጥሩ ነው፣ በተለይ በምሥራቅ በኩል ካለ።

ጥበቃዎችና ጎረቤቶችስ?

ከማንም በፊት ከቀን ይንገሯቸው። ሌሊት ሰገነት ላይ ወደ ላይ የተቀሰረ ቱቦ ከታች ለሚያይ ሰው ቴሌስኮፕ አይመስልም። ለሕንፃው ኮሚቴ ወይም ለባለቤቱ ያስፈቅዱ፣ የጥበቃውን ስልክ ይያዙ፣ ከተቻለ ጨረቃን ያሳዩት። ወደ ቤተ መንግሥት ወይም ወደ ሌላ የመንግሥት ተቋም የሚያይ ሰገነት ከሆነ ሌላ ቦታ ይምረጡ። አረንጓዴ ሌዘር ይዘው አይውጡ፤ ወደ ቦሌ የሚወርዱ አውሮፕላኖች በከተማው ላይ ያልፋሉ።

መብራት ሲጠፋ ምን ላድርግ?

ዝርዝሩን አቋርጡ። ሰፈሩ በሙሉ ሲጨልም በሌላ ጊዜ የማያገኙት ሰማይ ነውና ለዚያ የተዘጋጀች ሁለተኛ ዝርዝር በኪስዎ ትኑር፦ ኤም 33፣ ኤም 74፣ ኤም 110፣ ኤንጂሲ 253። ዝርዝሯ ከአምስት ስሞች ካለፈች አይደርሱባቸውም። ጄኔሬተሮች እስኪነሱ ጥቂት ደቂቃ አለ፤ ሻማ ይዞ የሚወጣ ቤተሰብ ካለ ከወዲሁ አስጠንቅቁ፣ ጨለማ የለመደ ዓይን አንድ ጊዜ ከተበላሸ ለመመለስ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል።

ምን ይዤ ልውጣ?

የታኅሣሥ ሌሊት ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ይወርዳል፤ ቆሞ ለሚያይ ሰው ከዚያ የባሰ ይሰማል። ጋቢ፣ ካልሲ በካልሲ፣ ፔርሙዝ ሻይ፣ ከፍ ዝቅ የሚል ወንበር ወይም ዱካ። ጋቢው ነጭ ስለሆነ የጎረቤት መብራት ያንጸባርቃል፤ አይፒሱ ላይ ሲያጎነብሱ ራስዎን በጥቁር ጨርቅ ይሸፍኑ። ይህ ጨርቅ ከብዙ ውድ ፊልተር ይበልጣል። ለጤዛ ከጥቁር ስፖንጅ ምንጣፍ ቆርጠው የቱቦውን አፍ በአንድ ክንድ ያስረዝሙ። አይፒሶቹን በኪስ ያሙቁ፣ በትንፋሽ ግን አያጽዱ። አቧራ መስታወቱ ላይ ካረፈ እዚያው ይቅር፤ በጨርቅ መጥረግ የሚያንጸባርቀውን ሽፋን ይቧጭራል።

ለእጅ ባትሪው አምፖሉን ሁለት ጊዜ ቀይ የጥፍር ቀለም ይቀቡት። ዝርዝሩን ግን በቀይ እስክሪብቶ አይጻፉ፤ በቀይ ብርሃን ወረቀቱ ባዶ ይመስላል።

ማስታወሻ እንዴት ልያዝ?

ለእያንዳንዱ አካል አንድ መስመር፦ ሰዓት፣ እጥፍ፣ ፊልተር፣ የታየው። «ቆንጆ» ብሎ መጻፍ ለሚቀጥለው ዓመት አይጠቅምም፤ «ሞላላ፣ በምሥራቅ ጎኑ የጠነከረ፣ በ120 እጥፍ ብቻ የታየ» ይጠቅማል። እጅ ከቀዘቀዘ በስልክ ድምፅ ይቅዱ፣ የስልኩ ስክሪን ወደ ታች ተደፍቶ። ያልታዩትንም ይጻፉ፣ ከምክንያቱ ጋር፦ ጭስ፣ ፎቅ፣ ወይስ መሳሳት። ጭስ የደበቀው ወደ ሌሊቱ ይገፋል፣ ፎቅ የደበቀው ይሰረዛል፣ የተሳቱት ደግሞ በሚቀጥለው ዝርዝር ላይ በመጀመሪያው ሰዓት ይቀመጣል፣ ዓይኑም ሰውየውም ሳይደክሙ።